መካከለኛው መደገፊያ

…እና ደግሞ ታንጎራጉራለች፣ እሱን የሚያንገበግበው ይኼ ነው፣ ሶፋ ቤቱ ውስጥ ያን ሁሉ ዓመት ጎን ለጎን ሲሠሩ ከስፌት መኪናዋ ድምፅ በቀር ድምፅ ያልነበራት ሴት፣ አሁን በጠዋቱ፣ ፀጉሯን እንኳ ሳታበጥር፣ መርፌ ደረቷ ላይ ሰክታ፣ የሳሎኑን ጠረጴዛ እየዞረች ታንጎራጉራለች፣ እሱ ደግሞ የሻይ ብርጭቆውን ይዞ በገዛ ቤቱ በር ላይ እንደ እንግዳ ቆሟል። የት ይቀመጥ፣ ወንበሩ ላይ ስፖንጅ፣ አልጋው ላይ ስፖንጅ፣ ቴሌቪዥኑ እንኳ አንሶላ ተከናንቦ ጥግ ይዟል፣ መሀል ወለሉ ላይ ደግሞ ገና ጨርቅ ያልለበሰው ባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ እንጨቱ አግጥጦ እንደ ቤቱ ጌታ ተንሰራፍቷል። ጌታውስ እሱ ነው። ማለት፣ ነበር።

ሚስቱ ናት። የሰው ሚስት ብትሆን ኖሮ ጎበዝ ሴት ብሎ አድንቆ ያልፍ ነበር፣ ለሽቦም ያወራለት ነበር፣ ሽቦ ማለት ሶፋ ቤቱ ውስጥ አብሮት የሚሠራው ቀጭኑ ሰውዬ ነው፣ እንዲህ ናት ሴት ማለት ይለው ነበር። ግን የሱ ሚስት ናት፣ የሱን መቀስ ይዛ፣ እሱ ያሠለጠነውን እጅ ይዛ፣ ከሶፋ ቤቱ ከሱ በፊት ወጣች። ከሱ በፊት! ይቺ ነገር ጉሮሮው ላይ ቆማ አትወርድም፣ ሻዩንም ፉት እያለ የሚጠጣው ለዚያ ይሆናል፣ ወይም ሻዩ ስለሚፋጅ ነው፣ ሁሉን ነገር ቅናት ላይ መለጠፍም ደግ አይደለም። ቅናት፣ ማን ቅናት አለ? ማንም አላለም።

አብረን እንውጣ ብላዋለች፣ አይክድም፣ አንድ ቀን ከሥራ ሲመለሱ የታክሲ ሰልፍ ላይ እጁን ያዝ አድርጋ፣ ስማኝማ፣ ለምን ለራሳችን አንሠራም፣ አንተ ትወጥራለህ እኔ እሰፋለሁ፣ ሳሎናችን ይበቃናል፣ አለችው፣ እሱ ሳቀ፣ አንቺ ደግሞ ቀልድ ታውቂያለሽ አላት፣ ከፊታቸው የቆመችው ሴት እንኳ ዞር ብላ አየችው፣ እሷ ግን አልሳቀችም። ከዚያ ሥራ መልቀቋን ልትነግረው ብቻዋን ጋሼ ዘንድ ገባች። ጋሼ የሶፋ ቤቱ ባለቤት ነው፣ ሲቆጣ የሚስቅ ሰው፣ ከቢሮው ወጣና እሷን ሳይሆን እሱን እያየ፣ አንተ ነህ የመከርካት? አለው፣ እሱም በዚያ ሁሉ ሠራተኛ ፊት፣ እኔ የለሁበትም ጋሼ። እውነቱን ነው እኮ፣ የለበትም፣ ለሰው ሲያወራ ግን አንዳችን ደመወዝ ላይ እንሁን ብለን ተማክረን ነው ይላል፣ አርቆ ማሰብ ነው፣ ኃላፊነት የሚሰማው የቤተሰብ አስተዳዳሪ የገቢ ምንጩን ባንድ ጊዜ አያቋርጥም፣ እንዲህ እንዲህ እያለ በትልልቅ ቃላት ይሸፋፍነዋል እንጂ ነገሩ አጭር ነው፣ ፈራ። እሱ ፈራ፣ እሷ አልፈራችም፣ በቃ።

ጨርቁን ያያል። ከፋይ ነው፣ ድፍን አረንጓዴ፣ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ጫፉ ወለሉ ድረስ ወርዷል፣ ወፍራም፣ እጅ የሚጠራ ዓይነት። ሴትዮዋ ራሷ ያመጣችው ነው፣ የእንግዳ ማረፊያ ያላት ደንበኛ፣ ልጇ ከሌላ አገር ልካላት ነው፣ እዚህ እንዲህ ያለ አይገኝም፣ ይኼን ሶፋ አይቼ ደስ ካለኝ የማረፊያዬን ወንበሮች በሙሉ ላንቺ ነው የምሰጥሽ ብላታለች፣ በሙሉ፣ ደስ ካላላት ደግሞ ያው ጋሼ ዘንድ፣ የድሮ ደንበኛው ናት። ነገ ጠዋት ትመጣለች። ስለዚህ ዛሬ ተቆርጦ፣ ተሰፍቶ፣ ተወጥሮ ማለቅ አለበት፣ ከዚህ ሥራ ወዲያ ወይ ባለ ድርጅት ናት ወይ ተመልሳ ሠራተኛ፣ እሷው ናት እንዲህ ያለችው፣ ይኼ ካልተሳካ በቃኝ፣ እመለሳለሁ፣ አለች ትናንት እግሯን እያሸች። እመለሳለሁ ስትል ጀርባውን ሰጥቷት ነበር፣ ፊቱን አለማየቷ ጥሩ ነው።

የመደገፊያዎቹን ልክ ጨርቁ ላይ በጠመኔ ነድፋለች፣ ገና አልቆረጠችም፣ ሦስት መደገፊያ፣ ከላይ ሰፋ ከታች ጠበብ ያሉ፣ መስመሯ ንጹሕ ነው፣ አንድ የተድበሰበሰ ነገር የለውም፣ ይኼንንም እሱ ነው ያስተማ… እና ያየዋል። መካከለኛው። መካከለኛው ተገልብጧል። ጨርቅ ለመቆጠብ ብላ አንዱን በራሱ፣ ቀጣዩን በግርጌው፣ ሦስተኛውን በራሱ አድርጋ አጋጥማቸዋለች፣ ሰፊው ከጠባቡ ጎን እንዲገባ፣ ሶፋ ቤት ውስጥ ሁልጊዜ እንደሚደረገው፣ ለቆዳ መሰሉ ፕላስቲክ ልክ ነው፣ ለሸራም ልክ ነው፣ ከፋይ ግን ፀጉር አለው። ፀጉሩ ወደ አንድ ወገን ይተኛል፣ ወደ ታች ሲዳብሱት እንደ ድመት ጀርባ ይለሰልሳል፣ ወደ ላይ ሲዳብሱት ይቆማል፣ ይጠቁራል፣ ያው አንዱ ጨርቅ ሆኖ ሳለ ተገልብጦ የተሰፋው ሌላ ቀለም ይሆናል። ግራና ቀኙ አረንጓዴ፣ መሀሉ የጠቆረ፣ እንደ ወለቀ ጥርስ፣ ሶፋው ሲቆም ሕፃን ልጅ ያየዋል፣ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ግን አይታይም፣ ጠመኔውን ማንበብ ለሚችል ዓይን ካልሆነ በቀር።

እሱ ይችላል። ውሃ ልክ ይሉታል እኮ ሶፋ ቤቱ ውስጥ፣ ግንበኛ ግድግዳ በሚለካበት ዕቃ ስም ጠሩት፣ ሜትር ሳያወጣ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ፣ በግራ በኩል ዘሟል ካለ ዘሟል ነው፣ ጋሼ ራሱ አይከራከረውም። ምነው ቆምክ፣ አይረፍድብህም? ትለዋለች ቀና ብላ፣ ዓይኗ ያበራል፣ ምን እንዲህ ያበራዋል፣ ለሱ እንዲህ አብርቶለት ያውቃል ወይ፣ ድሮ ምናልባት፣ ልሂድ ይላል፣ ግን አይሄድም፣ ብርጭቆውን ከእጅ ወደ እጅ ያቀያይራል፣ እሷም መቀሱን አላነሳችም፣ ቆማ ታየዋለች፣ ታዲያ፣ ምን ትላለህ? ሊናገር ነው። ምላሱ ጫፍ ላይ ነው፣ መሀሉን ገልብጪው፣ ሁለት ቃል፣ ጠላት እንኳ ይላታል ይቺን፣ አፉን ይከፍትና፣ ቀለሙ ያምራል፣ ይላል። ያምራል አይደል? ትላለች እየሳቀች፣ እሱም የቀረውን ሻይ ጭልጥ አድርጎ ይወጣል።

መንገድ ላይ ነው። ምንም አላደረገም፣ ጨርቁን በእጁ አልነካ፣ ዝም ማለት ወንጀል የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ክቡር ፍርድ ቤት፣ ተከሳሹ በአማካሪነት አልተቀጠረም፣ ራሴን ችያለሁ ያለ ሰው ራሱን ይቻላ፣ ለሱስ ማን አረመለት፣ እየተሳሳተ፣ እየተሰደበ አይደል የተማረው? ደግሞ ስህተቱን ታየዋለች፣ ስትቆርጥ ታየዋለች፣ አላየችውም ብሎ ማን ነገረው። የጥጉ ባለሱቅ መዝጊያውን እያነሳ፣ እንዴት አደርክ የባለሙያዋ ባል! ይለዋል። የባለሙያዋ ባል። ስም የሌለው ይመስል፣ እዚህ ሰፈር ስንት ዘመን ኖሮ፣ ባለሱቁ የሚቀመጥበትን ወንበር ማን ነው ያለበሰለት፣ ያውም በነጻ፣ ያውም በእረፍት ቀኑ፣ ያኔ እጅህ ይባረክ ተብሎ ነበር፣ አሁን የባለሙያዋ ባል። እግዜር ይመስገን ይላል፣ ፈገግ ይላል፣ ቆሽቱ ድብን ብሏል። ሼም ነው እኮ፣ በገዛ ሚስት መቅናት፣ ለማን ይነገራል ይኼ፣ ለቄስ እንኳ አይነገርም።

ሶፋ ቤት። ሙጫው ይሸታል፣ አቧራው የመስኮቱ ብርሃን ላይ ይንሳፈፋል፣ የሷ ስፌት መኪና እዚያው የሱ ጠረጴዛ ጎን ነው፣ በቁራጭ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ጋሼ ለማንም አልሰጠውም፣ ሁሉም ይመለሳሉ ይላል፣ ዛሬም ገና ሲገባ፣ ሚስትህ ደህና ናት? ደህና ናት ጋሼ። ደከማት ወይስ ገና ነው? ይስቃል። እሱም አብሮ ይስቃል፣ ለምን ይስቃል? ሽቦ ደግሞ ከወዲያ ማዶ ስቴፕለሩን እንደያዘ፣ ጀለስ፣ ያንተዋ አሪፍ ሥራ ይዛለች አሉ፣ የእንግዳ ማረፊያውን ሁሉ ልትጠቀልለው ነው አሉ፣ ያኔ እኔን በቀጥታ ትቅጠረኝ፣ አንተ ግን በደላላ በኩል ና፣ ይላል፣ ቤቱ በሳቅ ያውካካል። እሱ የወንበር ልባስ ይነድፋል፣ ፕላስቲክ ነው፣ አንዱን በራሱ አንዱን በግርጌው፣ አንዱን በራሱ አንዱን በግርጌው፣ እጁ ሳያስብ ይነድፋል፣ እና ይቆማል። ከዚህ ነው የለመደችው። ይኼ ጠረጴዛ ላይ፣ ከዚህ እጅ፣ እንዲህ አድርጊ እያለ ያስለመዳት እሱ ነው፣ ከፋይ ሲመጣ ግን እንዴት እንደሚደረግ አንድም ቀን አልነገራት፣ ከፋይ በመጣ ቁጥር እሱ ብቻ ነበር የሚቆርጠው፣ ሌላ ሰው ጠረጴዛው አጠገብ እንዲደርስ አይፈልግም፣ አንቺ ወደ ስፌትሽ፣ ይላት ነበር፣ እሷም ወደ ስፌቷ።

ስልኩን ያወጣል። ገና አልቆረጠችም ይሆናል፣ ስፖንጁን አስቀድማ ይሆናል፣ ወደ ጓሮ ወጥቶ ይደውላል፣ ይጠራል፣ አንሺው፣ አታንሺው፣ ይጠራል፣ አንሺው በናትሽ፣ ወዬ! ትላለች፣ ምነው፣ በደህና? በደህና። ምን እያደረግሽ ነው? መቀሱን አንስቼ ቆሜያለሁ፣ ልቆርጥ ነው፣ ልቤ እየመታ ነው ባክህ፣ ትስቃለች፣ አንተስ ምን ሆነህ ነው? አሁን። አሁን ነው። ከግድግዳው ማዶ ሽቦ፣ በደላላ! በደላላ! እያለ ለሌላ ሰው ቀልዱን ይደግመዋል። ምንም፣ ይላል፣ ዝም ብዬ ነው፣ ድምፅሽን ልሰማ ብዬ። ከየት አመጣት ይቺን፣ በዕድሜው እንዲህ ብሎ ደውሎ የማያውቅ ሰው፣ እሷም ቀስ ብላ፣ እሺ የኔ ጌታ፣ ትላለች፣ ስልኩ ይዘጋል። ቆረጠች። አሁን እየቆረጠች ነው፣ ይሰማዋል፣ ያ የከፋይ ወፍራም ድምፅ፣ ጆሮው ውስጥ ይሰማዋል።

ከዚያ በኋላ ሥራም የለ፣ ምሳም የለ፣ የሚታየው ሌላ ነው፣ ደስ የሚል ነገር ነው የሚታየው፣ ሴትዮዋ ነገ ገብታ መሀሉን አይታ ፊቷን ስታጨማድድ፣ ሚስቱ ስታለቅስ፣ እሱ አጠገቧ ሆኖ፣ አይዞሽ፣ ሥራ ነው፣ ያጋጥማል፣ ሲላት፣ ትከሻው ላይ ድፍት ስትል፣ ከዚያ ተመልሳ እዚህ፣ ጎን ለጎን፣ መኪናው ላይ ያለው ቁራጭ ጨርቅ ሲነሳ፣ ጠዋት አብሮ መውጣት፣ ማታ አብሮ መግባት፣ ውሃ ልክ ከነሚስቱ። ይወዳታል እኮ። በጣም ነው የሚወዳት። ታዲያ ይኼ ምን ዓይነት ፍቅር ነው፣ የሚወዳት ከሱ ዝቅ ብላ ስትቀመጥ ብቻ ነው እንዴ? ዝም በል። ነው ወይስ አይደለም? ነው። ነው እንጂ፣ ነው፣ እና ራሴን አሞኛል ጋሼ ብሎ ይወጣል፣ ፀሐይዋ ገና ናት፣ መንገዱን በሩጫ ይያያዘዋል፣ ሊያድናት ይሁን ሊያይ ይሁን እሱም አያውቅም።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሶፋው ለብሷል። ጨርሳዋለች፣ ብቻዋን፣ ስፖንጁ እኩል ሞልቶ፣ ማዕዘኖቹ ታጥፈው፣ አስተጣጠፏ ልክ እንደሱ፣ አይ፣ ከሱ ይሻላል፣ ማዕዘኗ ከሱ ይሻላል፣ ይኼም ነበረ እንግዲህ፣ ዓይኑ ከጥፋቱ በፊት ያየው ይኼን ነው። ከዚያ መሀሉ። ብርሃኑ ፊት ለፊት ወድቆበት መካከለኛው መደገፊያ ጠቁሯል። እሷ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ ሶፋው ፊት ቆማለች፣ አታንጎራጉርም።

መጣህ? ትለዋለች ሳትዞር፣ እስቲ ና፣ መሀሉ ጠቆረብኝ፣ የብርሃኑ ነው ብዬ በሩን ከፈትኩት፣ አይደለም። ጎንበስ ብላ በመዳፏ ትዳብሰዋለች፣ ግራውን፣ መሀሉን፣ እንደገና ግራውን። ፀጉሩ ወደ ላይ ነው። ገልብጬዋለሁ። ወይኔ ጉዴ፣ ገልብጬዋለሁ እኮ! ከዚያ ትዞራለች፣ ጠዋት የነደፍኩት እንደዚሁ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም፣ ሆን ብዬ ነው ሳልቆርጥ ያቆየሁት፣ ከፋይ ቆርጬ አላውቅም፣ አንተ አይተኸው ሂድ ብዬ ነው፣ ስህተት ካለው ዝም አይለኝም ብዬ ነው፣ ቀለሙ ያምራል ስትለኝ ሌላው ልክ ነው ማለት ነው ብዬ ነው መቀሱን ያነሳሁት። አላየኸውም?

አላየኸውም። እየጠበቀች ነው፣ አይቼዋለሁ ቢል ክፉ ሰው ነው፣ አላየሁትም ቢል ዓይን የሌለው ወጣሪ፣ መሀል ላይ የሚቆምበት ቦታ የለም፣ ሲሮጥ ስለመጣ ትንፋሹ ገና አልተመለሰም። አላየሁትም፣ ይላል። ትቆጣለች ብሎ ሲጠብቅ ትቀርበዋለች፣ ጉንጩን በመዳፏ ትይዘዋለች፣ መዳፏ ሙጫ ሙጫ ይሸታል፣ ዓይንህ ደክሞ ነዋ፣ ትለዋለች፣ እዚያ ጨለማ ቤት ውስጥ ስታፈጥ ኖረህ፣ ዕድሜም አለ፣ አይዞህ፣ መነጽር እናሠራለን። አይዞህ! አይዞሽ ባዩ እሱ ነበር እኮ። ስታዝንለት ያያል፣ ከልቧ ነው፣ ውሃ ልክ አበቃለት ብላ ነው የምታዝነው፣ ከዚህ በኋላ ጠረጴዛዋ ላይ ጨርቅ ዘርግታ አትጠብቀውም።

ወደ ሶፋው ትዞራለች፣ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ትንሽ ታስባለች፣ ትንሽ ብቻ፣ ጀርባው! ትላለች፣ ጀርባው ግድግዳ ነው የሚያየው፣ ከሱ ላይ ከፋዩን አውልቄ መሀሉን አለብሰዋለሁ፣ ለጀርባው አረንጓዴ ሸራ አለኝ፣ ለሴትዮዋ እነግራታለሁ፣ አልደብቃትም። ጀርባው። እሱ እንዴት አላሰበውም፣ ግማሽ ቀን ሙሉ ስትወድቅ ሲያይ መነሻውን አንድ ጊዜ እንኳ አላሰበም፣ እሷ ግን ያለ አንድ እንባ፣ ከሱ በፊት፣ እንደገና ከሱ በፊት፣ እና እዚህ ላይ እንኳ፣ በዚህ ሰዓት እንኳ፣ ይቀናል። ሶፋውን አንድ ላይ ያዞሩታል፣ ጀርባው ወደ በሩ። ጠፍጣፋውን ካቻቢቴ አንስቶ ስቴፕሉን ሊነቅል ይንበረከካል። ተወው የኔ ጌታ፣ ትለዋለች ለስለስ ብላ፣ ጨርቁን እንዳትቀድብኝ፣ እኔ እነቅለዋለሁ፣ አንተ ዓይንህን አሳርፍ።

ዓይንህን አሳርፍ። ይኼን ዓይን! አይቼዋለሁ፣ ይላል። ምን አልክ? አይቼዋለሁ አልኩሽ፣ ዓይኔ ምንም አልሆነም፣ ጠዋት በር ላይ ቆሜ ነው ያየሁት፣ ሻዬን እንኳ ሳልጨርስ፣ ጠጋ ሳልል፣ ጠመኔውን ብቻ አይቼ፣ መሀሉ በግርጌው ነው የተነደፈው፣ ሌላ ሰው ቢሆን አያየውም፣ ጋሼም አያየውም፣ እኔ ግን አየሁት፣ ወዲያው ነው ያየሁት! ተነስቶ ቆሟል፣ ድምፁ ውስጥ ኩራት አለ፣ ለራሱም ይሰማዋል፣ ደረቱ ነፋ ብሏል፣ አንድ ትንፋሽ ያህል ደስ ይለዋል፣ እውነተኛ ደስታ፣ ከዚያ ፊቷን ያያል።

አትጮህም። ለምን? ብላ አትጠይቀውም፣ ብትጠይቀው ይሻል ነበር፣ አንዳንድ የሚመልሰው ነገር ነበረው፣ ካቻቢቴውን ከእጁ ትወስዳለች፣ ሳትነጥቅ፣ ትንበረከክና የመጀመሪያውን ስቴፕል ትነቅላለች፣ ከዚያ ቀጣዩን፣ ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ ይላሉ፣ ይቅርታ የምትባለውን ቃል አፉ ውስጥ ይፈልጋታል፣ ልትመጣ ነው፣ መጣች ሲል እሷ ቀና ሳትል፣ እባክህ ፈቀቅ በል፣ ብርሃኑን ጋረድክብኝ፣ ትለዋለች፣ ድምፅዋ ለማታውቀው ደንበኛ የምታወጣው ነው፣ ጨዋና ሩቅ። ፈቀቅ ይላል፣ ግን ወዴት፣ በግራ ሶፋው፣ በቀኝ ጠረጴዛው፣ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ፣ ጥላው አሁንም እጇ ላይ ነው፣ ሌላ እርምጃ፣ ደጃፉ፣ ሌላ፣ አሁን ውጭ ነው፣ አሁን አይጋርዳትም።